ካርድ ከተመታ በኋላ

ፈንታነሽ ማረፏን ያየሁት በልጄ ስልክ ነው። ከእኛ ሰው አንዱ ሲሞት ፎቶግራፉና የቀብሩ ሰዓት ተጽፎ ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል። ምሳ እየበላን ሳለ ልጄ፣ "አባ፣ ይችን ሴትዮ ታውቃታለህ?" ብላ ስልኳን ወደ እኔ አዞረችው። ሰማያዊ ሻሿን አስራ፣ ፈገግ ሳትል፣ ፊት ለፊት ታየኛለች።

"አብረን እንሠራ ነበር" አልሁ።

"ሓቫል፣ ያሳዝናል" አለችና ስልኩን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

እኔ ከዚያ በኋላ አልበላሁም። አብረን እንሠራ ነበር ማለት እውነት ነው፤ ግን የእውነቱ ትንሿ ቁራጭ ናት። ልጆቼን ስቆጣ የኖርሁት ደግሞ በዚሁ ነው። ግማሹን ተናግረው ግማሹን ሲደብቁ፣ "ይህ ከውሸት በምን ይለያል?" እያልሁ አስጨንቄአቸዋለሁ። ስለዚህ ስለ ፈንታነሽ ከጻፍሁ ሙሉውን መጻፍ አለብኝ፤ የሚያሳፍረኝን ጭምር።

ስለ እኔ ብዙ የሚባል የለም። ስሜ መለሰ ነው። የጎንደር ገጠር ተወላጅ ነኝ፤ በአውሮፕላን ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ካመጡን ቤተ እስራኤሎች መካከል አንዱ። ትምህርት ቤት አልገባሁም። የአማርኛውን ፊደል አጎቴ አስቆጠረኝ፤ ዕብራይስጡን የተማርሁት ከበረኪናና ከወለል ሳሙና ጠርሙስ ላይ ነው። ልጆቼ በዚህ ይስቃሉ። ይሳቁ፤ ማንበብ ማንበብ ነው።

ከፈንታነሽ ጋር የተገናኘነው ቂርያት ቫይዝማን በሚባለው የምርምር መንደር፣ የላቦራቶሪዎቹ ሕንፃዎች ውስጥ ነው። ሁለታችንም ወለል እናጥብ ነበር። የቀጠሩን ላቦራቶሪዎቹ አይደሉም፤ በመካከል ካብላን አለ። ካብላን ሠራተኛ ሰብስቦ ለሌላው ድርጅት የሚያቀርብ ሰው ነው። እኛ ካብላኑን በዓይናችን አይተነው አናውቅም፤ የምናውቀው በስሙ የተጻፈውን ትሉሽ፣ ማለትም በየወሩ የሚመጣውን የደመወዝ ወረቀት ብቻ ነበር።

ፈንታነሽ አጭር ናት፤ እጇ ግን የትልቅ ሰው እጅ ነበር። ከእኔ በአራት ወይም በአምስት ዓመት ትበልጣለች። ኮሪደር ስታጥብ ከጫፍ ጀምራ ወደ ኋላዋ እየሄደች ነው፤ እስኪደርቅ ድረስ ማንም እንዲረግጠው አትፈቅድም። አንድ ጊዜ ጸጉሩ የሸበተ ተመራማሪ ወረቀት ታቅፎ እየሮጠ መጣ። ፈንታነሽ መዳፏን ዘርግታ አቆመችው። ሰውየው ሰዓቱን አየ፣ እሷን አየ፣ ወለሉን አየ፤ ቆመ። ሁለት ደቂቃ ያህል ከቆየ በኋላ ጎንበስ ብላ ወለሉን በጣቷ ነካችና "ያላ፣ እለፍ" አለችው። "ቶዳ" ብሎ አመስግኗት አለፈ።

"ቢያባርሩሽስ?" አልኋት።

"ወለል እንዲደርቅ ጠበቀ ብለው? አንተ መለሰ፣ አንተን እኮ ጥላህም ያስደነግጥሃል።"

በእኔ ላይ መቀለድ ትወድ ነበር። እኔ መምከር እወዳለሁ፤ አውቀዋለሁ። ወጣት ሠራተኛ ሲያረፍድ ወይም ሥራ ሲያበላሽ መጥረጊያዬን ይዤ እቆምና እናገራለሁ። እሷ ከሩቅ ሆና፣ "መለሰ፣ ስብከቱን ስትጨርስ በመጥረጊያው ጥረግበት" ትለኝ ነበር።

አንድ ልማድ ነበራት። ከባድ ነገር ልትናገር ስትል የላስቲክ ጓንቷን በየጣቱ ቀስ ብላ ታወልቅና ባልዲው ጠርዝ ላይ ታንጠለጥለዋለች። ጓንቱ መውለቅ ሲጀምር ሁላችንም ዝም እንል ነበር። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ሰምቻት አላውቅም። "እኔ አልጮህም፤ እጠይቃለሁ" ትል ነበር።

የሥራችን ኃላፊ አቪ ይባላል። እዚህ የተሰጠው ስም ነው እንጂ አበራ ነው። የእኛው ልጅ ነው፤ አባቱ የታወቁ፣ ሰው የሚያከብራቸው ሽማግሌ ነበሩ። አቪ ጧት ሲመጣ ጎንበስ ብሎ ሰላም ይላል፣ "እማ" "አባ" ይላል፤ ከአፉ ክፉ ቃል አይወጣም። የእኛ ልጅ አለቃ ሆኖ በማየታችን ኩራታችን ልክ አልነበረውም።

ሥራችን ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። ስምንት ሰዓት ሲሆን በሩ አጠገብ ያለው ሰዓት መቁጠሪያ ላይ ካርዳችንን እንመታለን፤ መኪና መጥቶ ወደየሰፈራችን ይወስደናል። አንድ ቀን አቪ ሰበሰበንና እንዲህ አለን።

"እማዎች፣ አባዎች፣ ካብላኑ ለሁለተኛው ሕንፃ ሰው አልሰጠኝም። ካርዳችሁን ምቱና ትንሽ አግዙኝ። እንደ ወንፈል ቁጠሩት።"

ወንፈል በአገራችን ዛሬ እኔ ያንተን ማሳ አርሼልህ ነገ አንተ የእኔን የምታርስበት ሥርዓት ነው። ደሞዝ የለውም፤ ተራ ግን አለው። ቃሉን ስንሰማ ልባችን ረጠበ። በባዕድ ቋንቋ "ትርፍ ሰዓት ሥሩ" ብሎ ቢያዘን ኖሮ ምናልባት እንጠይቅ ነበር። የእኛ ልጅ በእኛ ቃል ሲለምነን ግን ለካብላን በነፃ መሥራት መሆኑ ጠፋን፤ ልጃችንን ማገዝ መሰለን። ሌላ ሕዝብ ይህን ስህተት የሚሠራ አይመስለኝም። ካርዳችንን መትተን፣ መኪናችን ባዶውን ሲሄድ እያየን፣ እስከ አሥር ሰዓት ሁለተኛውን ሕንፃ አጠብን። በነጋታውም እንዲሁ። ከዚያም በየቀኑ። ስድስት ዓመት።

በስድስተኛው ዓመት፣ ሁላችንም ምሳ በምንበላበት ክፍል፣ ፈንታነሽ ጓንቷን ማውለቅ ጀመረች።

"አቪ ልጄ፣ ወንፈል ነው ብለኸን ነበር።"

"አዎ እማ፣ እግዜር ይስጥልኝ።"

"እሱስ ደግ። ተራው የኛ መቼ ነው?"

አቪ ሳቀ። "ምን ላርስልዎት እማ?"

"እርሻ የለኝም። የአራት ፎቅ ደረጃ አለኝ። ዓርብ ዓርብ ሰንበት ሳይገባ የማጥበው እኔ ነኝ፤ ጉልበቴ አልቻለም። ዓርብ ና።"

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ አቪም "ቤሰደር፣ እሺ እመጣለሁ" አለ። ቀልድ መስሎን ነበር። ዓርብ ዕለት ባልዲውን ሞልታ፣ ሁለት መጥረጊያ አዘጋጅታ፣ ደረጃው ሥር ቆማ ጠበቀችው። አልመጣም። እሁድ ጧት ሥራ ስንገባ "ጠበቅሁህ" አለችው። ስምንት ሰዓት ሲሆን ካርዷን መታች፣ ኮቷን ለበሰች፣ ብቻዋን መኪናው ላይ ወጥታ ሄደች።

እኛ የቀረነው ተናደድንባት። የእሷ ፎቅ በእኛ ላይ ተጨመረ። እኔ ዋናው ተቆጪ ነበርሁ። "እህቴ፣ በገዛ ልጃችን ላይ እንዲህ ይደረጋል?" አልኋት። "ጠየቅሁት፤ መልስ የለውም" አለችኝ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ሥራ ቀንሷል የሚል ደብዳቤ ተሰጣት። ከእሷ በቀር የቀነሱት ሰው አልነበረም።

እዚህ ላይ እኔ ብሆን ቤቴ ገብቼ አለቅስ ነበር። ፈንታነሽ ገበያው አጠገብ ለሠራተኞች በነፃ ምክር ወደሚሰጡ ሰዎች ሄደች። ማንበብ አትችልም፤ ነገር ግን የስድስት ዓመት ትሉሾቿን አንድ ሳይጎድል፣ ፍራሽ ሥር አስተኝታ እንደ ተተኮሰ ልብስ ለጥ አድርጋ አስቀምጣ ነበር። አንዲት ወጣት ኦሬክ ዲን፣ ማለትም ጠበቃ፣ ወረቀቶቹን አይታ ከስምንት ሰዓት በኋላ የሠራችው ሁሉ በሕግ የሚከፈል መሆኑን ነገረቻትና ካብላኑን ከሰሱት። የአውቶቡስ ካርዷም ሳይቀር ተመረመረ፤ በየቀኑ ከአሥር ሰዓት በኋላ ከላቦራቶሪዎቹ አጠገብ አውቶቡስ ስትሳፈር እንደኖረች ያሳያል። ካብላኑ ምን ብሎ መለሰ? ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ከጓደኞቿ ጋር ግቢው ውስጥ ተቀምጣ ስትጫወት ነበር አለ። ስለዚህ ስትሠራ ያያት ሰው ያስፈልጋል። ስድስት ዓመት በአጠገቧ የሠራሁት እኔ ነኝ።

ይህን ራሷ ነገረችኝ። ገበያ ውስጥ ቲማቲም እየመረጥሁ ሳለ አጠገቤ ቆመች።

"ስምህን ሰጥቻለሁ። ከሌላ ሰው እንዳትሰማው ብዬ ነው" አለች።

የያዝሁትን ቲማቲም ጨፍልቄው ነበር። ሻጩ ሲጮህብኝ ነው ያወቅሁት።

ፍርሃት ምን እንደሆነ ከዚያ ቀን በፊት የማውቅ መስሎኝ ነበር። በሱዳን ድንበር በኩል ስለጠፉ ዘመዶቼ ሰምቼ ፈርቻለሁ፤ አውሮፕላን ውስጥ ፈርቻለሁ። ያ ፍርሃት መጥቶ ይሄዳል። ይህኛው ግን ከእኔ ጋር ይበላል፣ ከእኔ ጋር ይጸልያል። ሬሆቮት፣ ኦሺዮት ሰፈር የገዛነው ቤት በማሽካንታ፣ ማለትም በባንክ ብድር ነው፤ ባንኩ በየወሩ አንድ ቀን አያሳልፍም። አምስት ልጆች አሉኝ። ከሃምሳ ዓመት ያለፈውን፣ ዕብራይስጡን ከሳሙና ጠርሙስ የተማረውን ሰው ማን ይቀጥረዋል? ፈንታነሽን እንዳላገኛት ብዬ አንድ ፌርማታ በእግሬ ሄጄ ከሌላ ቦታ አውቶቡስ እሳፈር ነበር።

አቪ አንድ ቀን የሥራው መኪና ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠ። እጁን ጉልበቴ ላይ አድርጎ በለሰለሰ ድምፅ፣ "አባ መለሰ፣ ዘንድሮ ሰው እንቀንሳለን ይላሉ። እርስዎን ግን እኔ እንደ አባቴ ነው የማየዎት። ምንም አያስቡ" አለኝ። እስክንደርስ ድረስ እጁን አላነሳም።

ከዚያ ሽማግሌ ተላከ። አቪ አባ ታፈረን ለመናቸው፤ አባ ታፈረ ደግሞ እኔንና ሁለት ሰዎችን ጠሩን። አባ ታፈረ ከሰማንያ ዓመት በላይ ናቸው፤ ነገር ከእሳቸው ደጅ አያልፍም። "አንተ እውነተኛ ሰው ነህ፤ አንተ ካለህበት ትሰማለች" አሉኝ። እንቢ ማለት እችል ነበር። ሄድሁ። እንዲያውም እሷ ክሱን ካነሳች ፍርድ ቤት አልጠራም ብዬ እግሬ ፈጠን ብሎ ነበር።

የሽማግሌ ወግ የታወቀ ነው። ሽማግሌ ልመናው ካልተሰማ አይቀመጥም፤ አይጠጣም። ባለቤቱም ትልልቅ ሰዎች ቤቱ ውስጥ ቆመው ማየት ስለማይችል እሺ ይላል። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አራታችን የፈንታነሽን ደረጃ ወጣን። በሩን ከፍታ አየችን፤ እኔን መጨረሻ ላይ አየችኝ።

"ግቡ፤ ተቀመጡ።"

አባ ታፈረ ከዘራቸውን ተከሉ። "እሺ በይንና እንቀመጣለን።"

"ነገሩን ሳልሰማ እንዴት እሺ እላለሁ አባ?"

"ነገሩንማ ታውቂዋለሽ። ልጃችንን ከፍርድ ቤት አውጪልን።"

"እሱን እኔ አላስገባሁትም። የከሰስሁት ካብላኑን ነው።"

"እሺ በይን።"

"እንግዲያው እናንተ ቆማችሁ እኔ አልቀመጥም" አለችና ማቀዝቀዣውን ተደግፋ ቆመች። ጉልበቷ አብጦ ከቀሚሷ በታች ይታያል። ቴሌቪዥኑ ድምፁ ተዘግቶ ሥዕሉ ብቻ ይሮጣል። እኛ ቆምን፤ እሷም ቆመች። አንዱ ሽማግሌ ሳል ጀመረው። አባ ታፈረ ክብደታቸውን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ያዛውራሉ። ስንት ደቂቃ እንደቆምን አላውቅም፤ መስኮቱ ላይ የነበረው ፀሐይ ግን ግድግዳው ድረስ ሄዶ ነበር። በመጨረሻ አባ ታፈረ ሶፋው ላይ ዘፍ አሉ።

"እኔ የተቀመጥሁት ለጉልበቴ ነው፤ ለነገሩ ቆሜያለሁ ብላችሁ ቁጠሩኝ" አሉ።

ማንም አልሳቀም እንጂ ሳቅ ቤቱን ሞልቶት ነበር። ፈንታነሽ ውኃ ቀድታ ሰጠቻቸው፣ ራሷም ተቀመጠች፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አኖረች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"መለሰ፤ ከሽማግሌዎቹ ጋር መጥተሃልና ልጠይቅህ። ካርድ ከተመታ በኋላ ሁለተኛውን ሕንፃ ከአንተ ጋር ማን ነበር የሚያጥበው?"

ሁሉም አዩኝ። የአቪ እጅ ጉልበቴ ላይ ያለ መሰለኝ።

"አላስታውስም" አልሁ።

ስድስት ዓመት ከጎኗ ያጠብሁትን ደረጃ አላስታውስም አልሁ። አባ ታፈረ ረጅም ጊዜ ተመለከቱኝ፤ የያዙትን ብርጭቆ ሳይጠጡ መለሱት። ስድብ ጠብቄ ነበር። ፈንታነሽ ግን ለሽማግሌዎቹ፣ "ልጆች አሉት፤ ተዉት" አለች። ስትሸኘንም አባ ታፈረን ክንዳቸውን ይዛ፣ "ቀስ ይበሉ አባ፣ ደረጃው እርጥብ ነው፤ ትመጣላችሁ ብለው ቢነግሩኝ አላጥበውም ነበር" አለች።

ክሱን አላነሳችም። የፍርድ ቤት ጥሪ ፖስታ ሣጥኔ ውስጥ ገባ። አንብቤ ጫማ ካርቶን ውስጥ ደበቅሁት። መቅረት አይቻልም፤ ሄጄ ግን "አላስታውስም" ማለት እችላለሁ። አንድ ጊዜ ብያለሁና ሁለተኛው ቀላል ነው እያልሁ ለራሴ አስረዳሁ። በዚያው ሳምንት ትንሿ ልጄ ከትምህርት ቤት ቀርታ ኖሮ ሄጃለሁ ብላ ዋሸችኝ። አስቁሜያት ልመክራት ጀመርሁ። "ውሸት ማለት" ብዬ ቀጣዩ ቃል ጠፋኝ። ልጅቱ ስትጠብቅ ቆየችና፣ "ጨረስህ?" አለችኝ። ጨረስሁ።

በቀጠሮው ቀን የሬሆቮት ባቡር ጣቢያ ላይ ፈንታነሽ ትሉሾቿን በፌስታል ይዛ ቆማለች። ሌላ ፉርጎ ልገባ ስል ተከትላኝ ገባችና ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

"ቁርስ በልተሃል?"

አልበላሁም። ከፌስታሉ ዳቦ አውጥታ ግማሹን ቆርሳ ሰጠችኝ። ቴል አቪቭ እስክንደርስ ስለ ነገሩ አላነሳችም። ልንወርድ ስንል ብቻ፣ "እኔም ፈርቻለሁ። ጧት ሦስት ጊዜ ቀሚስ ቀየርሁ። ዳኛው ቁጡ ነው ይሆን?" አለች። እሷ ትፈራለች ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ዳኛዋ ሴት ናቸው፤ ቁጡ አልነበሩም። እኔ ግን ስሜን ሲጠሩ ዕብራይስጤ በሙሉ ከአፌ ጠፋ። አስተርጓሚ ተሰጠኝ፤ ከእኛ ልጆች አንዷ ናት። አቪ ከኋላ ተቀምጧል፤ አንገቴ ላይ ዓይኑ ይታወቀኛል። የፈንታነሽ ጠበቃ ጠየቀችኝ። ካርድ ከተመታ በኋላ ሥራ ነበር ወይ? ነበር አልሁ። ፈንታነሽ ትሠራ ነበር ወይ? በየቀኑ አልሁ። አንድ በአንድ፣ ጉድጓድ ውስጥ ድንጋይ እንደሚጥል ሰው፣ ተናገርሁ።

ከዚያ የካብላኑ ጠበቃ ተነሣ።

"በሴትዮዋ ቤት፣ በሽማግሌዎች ፊት፣ አላስታውስም ብለሃል። እውነት ነው?"

"እውነት ነው።"

"ታዲያ የዋሸኸው ያኔ ነው ወይስ አሁን?"

ዕድሜዬን በሙሉ ማንም ውሸታም ብሎኝ አያውቅም። እኔ ነበርሁ ሌላውን የምል።

"ያኔ" አልሁ። አስተርጓሚዋ አፍራልኝ ነው መሰል በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ ተረጎመችው። ዳኛዋ አልሰማንም አሉ። እንደገና ጮክ ብዬ፣ "ያኔ ዋሽቻለሁ። ፈርቼ ነው" አልሁ።

"አሁን አትፈራም?"

"አሁንም እፈራለሁ።"

ዳኛዋ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝና ጻፉ።

ፍርዱ ሳይነገር ካብላኑ ታረቀ፤ አብዛኛውን ከፈላት። ስንት እንደሆነ አልነገረችኝም፣ አልጠየቅሁም። ጥርስ አስተከለችበት፤ ብዙም አልሳቀችበትም። እኔን አላባረሩኝም። ቤኤር ያዕቆብ ውስጥ አዲስ የተሠሩ ሕንፃዎችን ደረጃ ብቻዬን እንዳጥብ ላኩኝ፤ ጡረታ እስክወጣ እዚያው ቆየሁ።

ከዚያ በኋላ ባገኘችኝ ቁጥር አንድ ነገር ትጠይቀኛለች። "ያንተስ? መቼ ታስገባለህ? ሕጉ የሚጠብቅህ ሰባት ዓመት ነው። እኔ ምስክር እሆንሃለሁ።" እኔም "ቤሰደር" እላለሁ። ሰባት ዓመት ረጅም ይመስላል። የአቪ እናት የእኛው ሕንፃ ውስጥ ትኖራለች፤ ጧት ጧት ሰላም ትለኛለች፤ እሷን እፈራለሁ። ስግብግብ ይሉኛል ብዬ እፈራለሁ። አንድ ጊዜ ያን ክፍል ገብቼ ወጥቻለሁና ሁለተኛ መግባቱን እፈራለሁ። ጊዜው ያለፈበትን ቀን እንኳ ሳላውቀው አለፈ።

ከሁለት ዓመት በፊት ጤና ጣቢያ ተራ ስንጠብቅ ተገናኘን። ከዘራ ይዛለች፤ ከስታለች። እንደተቀመጠች፣ "አስገባህ?" አለችኝ።

"አስገባሁ" አልሁ። "ከፈሉኝ።"

እጄን በሁለት እጇ ያዘችው። "ተመስገን። ይሄ ነበር የሚከነክነኝ። በእኔ የተነሳ ከሰው ለይተው ደረጃ ላይ ጣሉት፣ የራሱንም ሳያገኝ ቀረ እያልሁ እንቅልፍ አጥቼ ነበር" አለች። ነርሷ ስሟን ጠራቻት፤ ገባች። ከዚያ ወዲያ አላየኋትም።

ለሐዘን ስሄድ ቤቱ ሞልቶ ወንበር እስከ ውጭ ተዘርግቷል። ልጇን "እግዚአብሔር ያጥናችሁ፤ መለሰ እባላለሁ" አልኋት። እጄን ሳትለቅ ወደ ሰዎቹ ዞረች።

"አባ መለሰ ማለት እኚህ ናቸው። እማዬ ‘እንደ መለሰ የማይፈራ ሰው አላየሁም፤ የእኔንም የራሱንም አስከፈላቸው’ ትል ነበር።"

ሰዎቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ አዩኝ። ከሴቶቹ መካከል አርባ ዓመት ያህል የሚሆናት አንዲት ሴት፣ የጽዳት ሥራ ልብሷን ሳትቀይር የመጣች፣ ተነሥታ ቀረበችኝ።

"አባ፣ እኛንም ካርድ አስመትተው ነው የሚያሠሩን። አምስት ዓመት ሆነኝ። እንዴት አድርገው አስከፈሉ? ይንገሩኝ።"

አፌን ከፈትሁ። የፈንታነሽ ልጅ እጄን እንደያዘች ናት። "ሌላ ቀን እነግርሻለሁ" አልሁና ሰው እየገፋሁ ወጣሁ።

ያቺን ሴት ስሟን እንኳ አልጠየቅኋትም። ይህ ጽሑፍ ከደረሳት ትወቀው፤ እኔ ምንም አላስከፈልሁም። የጠየቀችው ፈንታነሽ ናት፤ እኔ ቆጥሬ የማልጨርሰውን ሰዓት በፍርሃት ትቻለሁ። አምስት ዓመት ከሆነሽ የቀረሽ ጊዜ አጭር ነው፤ ነገ ሂጂ።

ለልጇም ይህንኑ አንብቤላት እናቷ ስለ እኔ ተታልላ እንደሞተች ልነግራት ወስኛለሁ። ሁለት ጊዜ በሯ ድረስ ሄጄ፣ ደወሉን ሳልነካ ተመልሻለሁ።